የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሜሪካ መጠጥ ከልክላ በዱቤ የገዛችበት ዘመን

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው አሜሪካ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን "በክልከላው ዘመን አሜሪካ ውስጥ መጠጣት ወንጀል ነበር" ብዬ ሳስተምር አንዱ ልጅ "መጠጣት አልተከለከለም" ብሎ ተከራከረኝ። ማናችን ነን ልክ? (የታሪክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ተማሪዎ ልክ ነው። 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጃንዋሪ 16 ቀን 1919 ጸድቆ፣ ዓመት ቆይቶ ጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ሥራ ላይ ዋለ። የከለከለው የሚያሰክር መጠጥ ማምረትን፣ መሸጥን፣ ማጓጓዝን፣ ከውጭ ማስገባትንና ወደ ውጭ መላክን ነው። ስለ መጠጣት አንድም ቃል የለበትም። ገዢውም በፌዴራሉ ሕግ አይጠየቅም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1930 ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ከጃንዋሪ 1920 በፊት ጓዳውን በዊስኪ የሞላ ሀብታም በገዛ ቤቱ ለራሱና ለእንግዶቹ እያቀረበ ዓመታት ሊጠጣ ይችል ነበር። ያንኑ ጠርሙስ በኮቱ ኪስ ይዞ መንገድ ከወጣ ግን አጓጓዥ ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ የራሳቸው ሕግ ስለነበራቸው፣ ሲያስተምሩ "በፌዴራሉ ሕግ" የምትለውን ቃል አይተዋት።

"የሚያሰክር" የተባለውን በቁጥር የወሰነው የቮልስቴድ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን አልፈርምም ቢሉም ኮንግረሱ በኦክቶበር 1919 እንደገና ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። ልኩ 0.5 በመቶ አልኮል ሆነ። የቤት ጠላ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማሻሻያውን የደገፉ ብዙዎች የሚታገደው ዊስኪና መሰሉ ብቻ፣ ቢራ የሚተርፍ መስሏቸው ነበር። ሕዝቡ ሕጉን መናቅ የጀመረው በዚህች ቁጥር ይመስለናል።

ሕጉ ክፍት የተዋቸው በሮችም አሉ። ለቅዳሴ የሚሆን ወይን ተፈቅዷል። ፈቃድ ያለው ሐኪም መንግሥት ባሳተመው ልዩ ወረቀት ላይ በ10 ቀን አንድ ፓይንት፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዊስኪ ማዘዝ ይችላል። ዊንስተን ቸርችል በዲሴምበር 1931 ኒው ዮርክ ላይ መኪና ገጭቷቸው ሲታመሙ እንዲህ ያለ ማዘዣ ተጽፎላቸዋል። ሦስተኛው በር የሕጉ 29ኛ ክፍል ነው፤ ለቤት ፍጆታ የፍራፍሬ ጭማቂ ማዘጋጀትን ፈቀደ። በተግባር አንድ አባወራ በዓመት 200 ጋሎን፣ ወደ 757 ሊትር ገደማ የወይን ጠጅ መጣል ቻለ። የካሊፎርኒያ የወይን ገበሬዎች በክልከላው ይጠፋሉ ሲባል ጭራሽ ተስፋፉ። የተፈለገው ወይን ግን ጥሩው ዓይነት አልነበረም። አሊካንት ቡሼ የሚባለው ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በባቡር አገር አቋርጦ ኒው ዮርክ ሳይበሰብስ ይደርሳል፤ ቀለሙም ከመድመቁ የተነሣ አንዴ የተጨመቀው አተላ ስኳርና ውሃ ተጨምሮበት ዳግም ይጣላል። በጡብ መልክ የደረቀ የወይን ጭማቂም ሱቅ ላይ ይሸጥ ነበር፤ ማሸጊያው ላይ "በውሃ በጥብጣችሁ ለ20 ቀን አታስቀምጡት፣ ወይን ጠጅ ይሆንባችኋል" የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ገዢው ማስጠንቀቂያውን እንደ አሠራር መመሪያ ያነበው ነበር።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ መንግሥት የገዛ ዜጎቹን አልኮል መርዟል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? እውነት ከሆነ ምን ጨመረበት? (የፋርማሲ ባለሙያ፣ ጅማ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከሥሩ ጀምሮ ማየት ግን ያስፈልጋል። አልኮል ለቀለም፣ ለሽቶ፣ ለመድኃኒትና ለፋብሪካ ያስፈልጋል። ከ1906 ጀምሮ የኢንዱስትሪ አልኮል ከመጠጥ ታክስ ነጻ ሆነ፤ ለዚህም ሰው እንዳይጠጣው የሚያበላሽ ነገር እንዲቀላቀልበት ግዴታ ተጣለ። የሚገባበት ከእንጨት የሚወጣው ሜታኖል፣ መራራና የሚሸት ፒሪዲን፣ ቤንዚን የመሳሰለው ነበር። ያኔ ዓላማው ታክስ ማስከበር ብቻ ነው።

ክልከላው ሲመጣ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ዓይናቸውን እዚህ ላይ ጣሉ። በወረቀት ላይ የሽቶ ፋብሪካ ያቋቁሙና የኢንዱስትሪ አልኮሉን በሕጋዊ ፈቃድ ያወጣሉ፣ ካልሆነም ይሰርቁታል። ከዚያ ኬሚስት ቀጥረው ያነጥሩታል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፣ ሜታኖል በ65 ገደማ። ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ሁለቱም በውሃ ይሟሟሉ፣ ሽታቸውም ይቀራረባል። መራራውንና የሚሸተውን ማስወገድ ይቻላል፤ ሜታኖሉን ሙሉ በሙሉ ለማውጣት ግን ረጅም ዓምድ ያለው ደህና ማጣሪያ፣ ጊዜና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ችኩል ነጋዴ የሚያወጣው የሚያስጠላውን ነው፤ የሚገድለውን ይተወዋል። የጠራ፣ የማይመር፣ የሚገድል መጠጥ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

መንግሥት ደግሞ ኬሚስቶቹ እያሸነፉ መሆኑን ሲያይ፣ በ1926 መጨረሻ የሜታኖሉ መጠን ከፍ እንዲል አዘዘ። በዚያው ዓመት የገና ሰሞን ኒው ዮርክ ውስጥ ከ60 በላይ ሰዎች በተመረዘ መጠጥ ታመው ቤልቪዩ ሆስፒታል ገቡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 30 ያህል ሞቱ። የከተማዋ ዋና የአስከሬን መርማሪ ቻርልስ ኖሪስ ጋዜጠኞችን ጠርተው፣ መንግሥት ሰዎች እንደሚጠጡት እያወቀ መመረዙን ስለቀጠለ የሞራሉ ኃላፊነት የራሱ ነው አሉ። የሚሞቱት ደህናውን መግዛት የማይችሉት ድሆች መሆናቸውንም አስረግጠው ተናገሩ። ለክልከላው የታገለው የፀረ መጠጥ ቤት ማኅበር ዋና ሰው ዌይን ዊለር በበኩላቸው፣ የኢንዱስትሪ አልኮል የሚጠጣ ሰው ራሱን አጥፊ ነው ብለው መለሱ። እኛ ከኖሪስ ጎን ነን። ሕግ ጣሽን ማሰር ይቻላል፤ ዓይኑን ማጥፋት ግን ቅጣት ተብሎ በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም ነበር።

ለሙያዎ እንዲመች አሠራሩን እንጨምር። ሜታኖል ራሱ ብዙም መርዝ አይደለም። ጉበት ውስጥ ያለው ኢንዛይም መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። አሲዱ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፣ ደሙን ያኮመጥጣል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ በሽተኛው ሌሊት ሰክሮ ተኝቶ ጠዋት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ዓይኑ በበረዶ የተሸፈነ ሜዳ የሚያይ ይመስለዋል። 10 ሚሊ ሊትር የሚያህል ንጹሕ ሜታኖል ሊያሳውር፣ 30 ሚሊ ሊትር ሊገድል ይችላል። የዛሬው ሕክምና ኢንዛይሙን የሚይዝ ፎሜፒዞል ወይም በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ኤታኖል፣ ከባድ ሲሆን ዲያሊሲስ፣ ማለትም ደሙን በማሽን ማጣራት ነው። በእሳት ነበልባል ቀለም፣ በጠረን ወይም በጣዕም መለየት አይቻልም። ምንጩ ያልታወቀ አረቄ ጠጥቶ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው የሚቀጥለውን ቀን ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይሂድ፤ ይህ ለ1926 ኒው ዮርክ ብቻ የሚሠራ ምክር አይደለም።

ሌላው ብዙ ያልተወራለት ጉዳት የጃማይካ ዝንጅብል ነው፤ ሕዝቡ "ጄክ" ይለዋል። በትንሽ ጠርሙስ እንደ ሆድ መድኃኒት የሚሸጥ፣ አብዛኛው አልኮል የሆነ ቅምር ነው። ለመጠጥ እንዳይሆን ብዙ ዝንጅብል ገብቶበት መራራ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ተቆጣጣሪው የሚያረጋግጠው ናሙናውን አፍልቶ አልኮሉን በማትነን፣ የቀረውን ዝቃጭ በመመዘን ነው። እንግዲህ ሚዛኑ የሚጠይቀው የዝቃጩን ክብደት እንጂ ምንነቱን አይደለም። አምራቾች ዝንጅብሉን ቀንሰው በፈንታው ሞላሰስና የጉሎ ዘይት ከተቱ። በ1930 መጀመሪያ አንድ የቦስተን አምራች ርካሽ የሆነውን፣ የማይሸተውንና የማይተነውን ትራይ ኦርቶ ክሬሲል ፎስፌት መረጠ። ፈተናውን አለፈ። ነገሩ የነርቭ መርዝ ሆኖ ተገኘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ በደቡብና በመካከለኛው ምዕራብ ያሉ ድሆች እግራቸው ሽባ ሆነ። የእግራቸው ጣት መሬት ስለሚጎተት ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ ይራመዳሉ፤ በአረማመዳቸው ብቻ ከሩቅ ይታወቁ ነበር።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ክልከላው መጠጣትን ቀንሷል? (አንባቢ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀንሷል፤ ይህን መካድ ትክክል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍጆታው ከቀድሞው ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ በጉበት መድረቅ የሚሞተው ሰውም አንሷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ከ60 እስከ 70 በመቶ ተመልሷል ተብሎ ይገመታል። የተለወጠው ዓይነቱም ነው። በርሜል ቢራ ለኮንትሮባንድ አይመችም፤ ቦታ ይይዛል፣ ይበላሻል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። አንድ ሣጥን ጂን በመኪና ወንበር ሥር ይገባል። ቢራ ጠጪው ወደ ጠንካራው የተገፋው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ መኪናው፣ ፍሪጁ፣ ሶፋው ሁሉ በክሬዲት ነው። ይህ ልማድ መቼ ጀመረ? ያኔስ ሰው ምን ያህል ይከፍል ነበር? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በወር ከፍሎ መግዛትን አያትዎ ቤት የምናውቀው የሲንጀር ስፌት መኪና ኩባንያ በ1850ዎቹ ጀምሮታል። አገሩን ያጥለቀለቀው ግን በመኪና ምክንያት ነው።

ሄንሪ ፎርድ በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ውስጥ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። ሠራተኛው ቆሞ መኪናው ወደሱ ይመጣል። የአንዱን መኪና ሻሲ ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሥራው አንድ ብሎን ሲያጠብቁ መዋል ስለሆነ ሠራተኛው እየተሰላቸ ይለቅ ነበር፤ በጃንዋሪ 1914 የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ያደረገው ሰው ለማቆየት ነው። በ1908 በ850 ዶላር የወጣው ሞዴል ቲ በ1925 በርካሹ 260 ዶላር ተሸጠ።

ሆኖም ፎርድ ለረጅም ጊዜ ዱቤ አልወደደም። ገበያውን የወሰደው ጄኔራል ሞተርስ ነው። በ1919 ለገዢዎች የሚያበድር የራሱን ድርጅት አቋቋመ፣ በአልፍሬድ ስሎን አመራር በየዓመቱ መልኩ የሚለወጥ መኪና አወጣ፣ በቀለም አማለለ። ያለፈው ዓመት መኪና ሳያረጅ "አሮጌ" ሆነ። ፎርድ በ1923 በየሳምንቱ እያጠራቀሙ የሚገዙበት ዘዴ ሞከረ፤ አሠራሩ ከእቁብ ጋር ይቀራረባል፣ አስቀድሞ መክፈል፣ በኋላ መውሰድ። አልሠራለትም። ሰው አስቀድሞ መውሰድ፣ በኋላ መክፈል ለምዶ ነበር። ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ሞዴል ቲ በ1927 ቆመ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የተለመደው ውል ሲሶውን በቅድሚያ፣ ቀሪውን በ12 ወር ነበር። መኪናው 600 ዶላር ነው እንበል፤ 200 ከፍለው 400 ይቀርብዎታል። ሻጩ "10 በመቶ ብቻ" ብሎ 40 ዶላር ይጨምራል። 440 ለ12 ሲካፈል በወር 36 ዶላር ከ67 ሳንቲም። አሁን ልብ ይበሉ፤ 400ውን ዓመቱን ሙሉ አልተበደሩም። በየወሩ እየመለሱት ስለሆነ በአማካይ እጅዎ ላይ የሚቆየው ብድር 217 ዶላር ገደማ ነው። 40 ዶላሩ ለዚህ ሲሰላ እውነተኛው ወለድ ከ18 በመቶ ይበልጣል። ዛሬም የቤት ዕቃ ሱቅ ሲገቡ የሚጠይቁት ይህን ቁጥር ይሁን፤ የወሩ ክፍያ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

በውሉ ላይ ያለችው መርዘኛ አንቀጽ ደግሞ የባለቤትነቷ ናት። የመጨረሻው ዶላር እስኪከፈል ዕቃው የሻጩ ነው። 11 ወር ከፍሎ በ12ኛው የተጓደለ ሰው ዕቃውንም የከፈለውንም ሊያጣ ይችላል። የሥራ ዋስትና ሲጠፋ ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? መኪናውን ላለማጣት ክፍያውን ይቀጥላል፣ ከልብስ፣ ከጫማና ከአዲስ ግዢ ሁሉ ይቆርጣል። በ1930 የአሜሪካ ቤተሰብ ግዢውን በአንድ ጊዜ እጅግ የሰበሰበበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው እያደገ፣ ሰው ሬዲዮና መኪና እየገዛ ከነበረ በ1929 ለምን ፈረሰ? ማርጅን የሚባለውስ እንዴት ነው የሚሠራው? (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ዕድገቱ እውነተኛ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለው ቤት ከሲሶ ገደማ ወደ ሁለት ሦስተኛ ደረሰ፤ በ1930ው ቆጠራ 12 ሚሊዮን ቤተሰብ ሬዲዮ ነበረው። ግን ሁሉ ቤት አልገባም። በዚያው ዓመት ኤሌክትሪክ የነበራቸው የእርሻ ቤቶች ከአሥሩ አንዱ ያህል ናቸው። ገበሬው በጦርነቱ ጊዜ ስንዴ በቡሼል፣ በ27 ኪሎ ገደማ፣ ከ2 ዶላር በላይ ሲሸጥ ተበድሮ መሬት ገዛ፤ በ1921 ዋጋው ወደ 1 ዶላር ወረደ፣ ዕዳው ግን አልወረደም። የገጠር ባንኮች ከ1929 አስቀድመው ይዘጉ ነበር። እንግዲህ ፋብሪካው የሚያመርተውን የሚገዛው ከተሜው፣ እሱም በዱቤ ነው።

ማርጅን ያው ዱቤ አክሲዮን ላይ ሲመጣ ነው። "በ10 በመቶ ብቻ ይገዛ ነበር" የሚለውን በጥንቃቄ ይያዙት፤ በ1929 ብዙ ደላሎች ከዚያ በላይ፣ አንዳንዶቹ እስከ ግማሽ ይጠይቁ ነበር። 25 በመቶ እንውሰድ። አንዱ 40 ዶላር የሚያወጣ 100 አክሲዮን 4,000 ዶላር ነው፤ 1,000 ከኪስ፣ 3,000 ከደላላው። አክሲዮኑ 50 ቢገባ ትርፉ 1,000፣ ገንዘብዎ እጥፍ ሆነ። 30 ቢወርድ ደግሞ የቀረው 3,000 የደላላው ብድር ብቻ ነው፣ እርስዎ ባዶ። ደላላው ግን 30 እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 35 ገደማ ሲደርስ "ገንዘብ ጨምር" የሚል ቴሌግራም ይልካል፣ ካልመጣ ይሸጠዋል። ሽያጩ ዋጋውን ያወርዳል፣ የወረደው ዋጋ ለሌላ ሺህ ሰው ቴሌግራም ያስልካል።

ኦክቶበር 24 ቀን 1929 በኒው ዮርኩ ገበያ 12.9 ሚሊዮን አክሲዮን ተሸጠ። ዋጋ የሚያትመው የቴሌግራፍ ጥብጣብ አራት ሰዓት ዘገየ፤ ሰው ያለበትን ሳያውቅ ይሸጥ ነበር። ኦክቶበር 28 እና 29 የትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው የዳው ጆንስ መለኪያ በሁለት ቀን 23 በመቶ ወደቀ። ከላይ ካለው 25 በመቶ ጋር ያስተያዩት። በሴፕቴምበር 3 ቀን 381 የነበረው መለኪያ ጁላይ 8 ቀን 1932 ወርዶ 41 ላይ አረፈ።

ሆኖም የአክሲዮን ደንበኛ የነበረው ከ120 ሚሊዮን ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። አገሩን የጣለው የዎል ስትሪት ውድቀት ብቻውን አይደለም። የቤተሰቡ ዱቤ፣ የገበሬው ዕዳ፣ ከዚያም እስከ 1933 የተዘጉት 9,000 ያህል ባንኮች አንድ ላይ ናቸው። የተቀማጭ ዋስትና ስላልነበረ ባንኩ ሲዘጋ አክሲዮን አይቶ የማያውቀው ሰው ቁጠባም አብሮ ጠፋ። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር።

ጥያቄ፦ ቴነሲ ስንጓዝ ቢራ የማይሸጥባቸው አካባቢዎች አጋጠሙን። ክልከላው አላበቃም እንዴ? (አትላንታ፣ ጆርጂያ)

መልስ፦ የፌዴራሉ አብቅቷል። የገፋውም በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ከገቢ ግብር በፊት ከፌዴራሉ ገቢ ሲሶ ያህሉ ከመጠጥ ታክስ ይመጣ ነበር፤ በ1913 የገቢ ግብር ሲፈቀድ መጠጥን መተው ተቻለ። ከ1929 በኋላ የገቢ ግብሩ ራሱ ከግማሽ በታች ሲወርድ መንግሥት ዓይኑን ወደ ቢራው መለሰ። ኤፕሪል 7 ቀን 1933 በክብደት 3.2 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ በበርሜል 5 ዶላር ታክስ ተፈቀደ። ዲሴምበር 5 ቀን ዩታ 36ኛዋ ሆና 21ኛውን ማሻሻያ ስታጸድቅ 18ኛው ተሻረ። ያጸደቁት የየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶች አይደሉም፤ ለዚሁ የተመረጡ ልዩ ጉባኤዎች ናቸው፣ በዚህ መንገድ የጸደቀ ሌላ ማሻሻያ የለም።

ግን 21ኛው ሥልጣኑን ለክፍለ ግዛቶች ሰጠ፣ ብዙዎቹም በሥራቸው ላሉት የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ለካውንቲዎች፣ አስተላለፉት። ሚሲሲፒ እስከ 1966 ከልክላ ቆየች። ጃክ ዳኒየልስ የተባለው ዊስኪ የሚጠመቅበት የቴነሲው ሙር ካውንቲ ራሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት መጠጥ መሸጥ ከሚከለክሉት፣ "ደረቅ" ከሚባሉት አንዱ ነበር። ለሠርግ ወይም ለማኅበር መጠጥ ጭናችሁ ስትሄዱ የመድረሻውን ብቻ ሳይሆን የምታቋርጡትን ካውንቲ ደንብም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ የሚከለክለው ሽያጩን ብቻ ሳይሆን ከተወሰነ መጠን በላይ ይዞ መገኘትንም ነው።